በቅርጫቱ ውስጥ የጣልኳት ወረቀት

ውድ ወንድም ዓለም፣

ያቺን ወረቀት የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሲስተር አይደለችም። ያን እሁድ ሲስተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አልነበረችም፤ ከተማ፣ ሆስፒታል ተረኛ ነበረች። ከዚህ በታች ያለውን ካልፈለግክ ዝለለው፣ ብትቀደውም መብትህ ነው፤ ይህችን አንቀጽ ግን አንብባት። አንተ የነገርካትን ሲስተር ለማንም አልተናገረችም። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ታላቅ እህትህ፣ አንተ “ቃለ ጉባኤ” የምትለኝ።

ሰባት ሳምንት ዘግይቻለሁ። የሰፈሩን ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ጠብ ስትመዘግብ የኖረች ሴት አንዲት ደብዳቤ ለመጻፍ ሰባት ሳምንት ከፈጀባት ብዕር አጥታ አይደለም። ፈርቼ ነው። አሁንም የምጽፈው ድፍረት መጥቶልኝ ሳይሆን ዓርብ ስለ ደረሰ ነው። ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ደውሎልኝ ነበር። “ወንድምሽ አንድ ቃል አይተነፍስም። ካልተናገረ በምን እንደምንረዳው አናውቅም። ዓርብ ተሰብስበን ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንላከው ወይስ እዚሁ እንቀጥል የሚለውን እንወስናለን” አለኝ። ትልቁ ሆስፒታል የሁለት ቀን መንገድ ነው። እዚያ የሚያውቅህ ሰው የለም። እዚያም ዝም ካልክ ምን እንደሚሆን አስቤ መጨረስ አልቻልኩም።

ለምን ዝም እንዳልክ ግን አውቃለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን አባ ሁለት ጊዜ ሊጠይቁህ መጥተው ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህባቸዋል። ሲመለሱ “ግድግዳውን ነው የሚያየው፤ እሱንም ቢያናግረው ጥሩ ነበር” አሉኝ። ሊቀልዱ ፈልገው ነበር፤ ሁለታችንም አልሳቅንም። በስንት ጊዜህ አንድ ቀን ለሰው አፍህን ከፈትክ፣ በአምስተኛው ቀን ጉባኤ ፊት ተነበበብህ። እኔም ብሆን አፌን እሰፋው ነበር።

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የምታውቀውንም እደግመዋለሁ፤ አንተ ያየኸው ከወፍጮ ቤቱ በር ወዲያ ሆነህ ነው፣ እኔ የምነግርህ ከበሩ ወዲህ የነበረውን ነው።

ሲስተር ከሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ክፍል መጀመሪያ የመጣች ቀን አንተ ወፍጮ ቤት ነበርክ። ከግንባር ከተመለስክ ጀምሮ ከወፍጮ ቤትና ከቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ወንበር ሌላ የት ሄደህ ታውቃለህ? ለአባና ለእኛ ለኮሚቴዎቹ እንዲህ አለችን፦ “ከዚህ አካባቢ አርባ ሦስት የቀድሞ ወታደሮች በመዝገባችን አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሆስፒታላችን የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም ጥርስ ለማስነቀል።” አባ ሳቁ። “እኛ ጋማ ይመጣሉ። ግን አይናገሩም። ከኋላ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ከቡራኬው በፊት ውልቅ ይላሉ” አሏት። እሷም “እንግዲያው እኔ እዚያው በሩ አጠገብ ልጠብቃቸው” አለች። ስምምነቱ ይኸው ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ልትመጣ፣ ከመዝገብ ክፍሌ ቀጥሎ ያለው ጠባብ ክፍል ሊሰጣት፣ እኛ ስድስት ሰዎች ደግሞ ልንሠለጥን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ “ጸሎት ባለበት ክኒን ምን ያደርጋል?” ብሎ ሲያጉረመርም አባ “እኔ ለደም ግፊቴ ሁለቱንም ነው የምወስደው” ብለው ነገሩን ዘጉት።

አራት ቅዳሜ ሠለጠንን። ከጀርባ አትምጡባቸው። በእነሱና በበሩ መካከል አትቀመጡ። የሰማችሁትን ለማንም አታውሩ። ሁሉንም በደብተሬ ጽፌአለሁ፤ የመጨረሻውን በቀይ አስምሬበታለሁ። ደብተሩ አሁንም አጠገቤ ነው፤ ቀዩ መስመር ያፈጥብኛል።

በመጨረሻው ቅዳሜ ጥያቄውን አስተማረችን። ሁለት ሁለት ሆነን ተቀመጥን፤ አንዱ የተጨነቀ ሰው ይሆናል፣ ሌላው “ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?” ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። እኔ ከአባ ጋር ነበርኩ። አባ ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ፣ ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ተራዬ ሲደርስ “ደህና ነዎት ወይ?” አልኳቸው። ሲስተር “እሱ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታን ደግሞ ሁላችንም በውሸት መመለስ እናውቅበታለን። ብትጠይቂው ሐሳቡን አትሰጪውም። ካለው ይነግርሻል፣ ከሌለው ይስቅብሻል” አለችኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ሳቄ መጣ። ከስድስታችን ያን ትምህርት የወደቅኩ እኔ ብቻ ነኝ።

ሲስተር ብዙ ማክሰኞ ከተመላለሰች በኋላ ያ ማክሰኞ መጣ።

ማክሰኞ ሲስተር ሰው ስለምትቀበል የመዝገብ ክፍሌን ዘግቼ በአዳራሹ እንድሠራ ተስማምተን ነበር፤ በሁለታችን መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነውና ሳልም እንኳ ያሳልፋል። ያን ቀን ማኅተም ረስቼ ተመለስኩ። ማኅተሙን አንስቼ ስወጣ ድምፅህን ሰማሁ። ወንድሜ፣ ከተመለስክ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖህ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ለእኔ ያወራኸው “እሺ”፣ “በልቻለሁ” እና “ተይኝ” ነው። ከግድግዳው ወዲያ ግን ታወራ ነበር። ረጅም ዓረፍተ ነገር፣ ድሮ ስለ መኪና ስታወራ እንደምታደርገው ከመሐሉ እየተመለስክ እያስተካከልክ። ድምፅህ ነው ያስቀመጠኝ። በመጀመሪያ የምትለውን አልሰማሁም፤ ድምፅህን ብቻ ነበር የማደምጠው። ከዚያ ቃሉም ገባኝ። በግንባር ስለምትነዳት የቁስለኛ ማመላለሻ መኪና፣ አራት ሰው ብቻ ስለመያዟ፣ መንገድ ዳር ስለቀሩት ሁለቱ፣ “ተመልሼ እመጣለሁ” ስላልካቸው፣ ከዚያም መንገዱ ስለመዘጋቱ።

ማኅተሜን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። እስከ መጨረሻው ቁጭ አልኩ። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ የፍቅር ነው ብዬ ላሳምረው አልፈልግም።

ስለ ቅርጫቱ ታውቃለህ። አንተ ከመዝመትህ በፊትም ነበር። ሰው የጸሎት ርእሱን በወረቀት ጽፎ ይጥላል፣ አባ እሁድ እያወጡ ያነባሉ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ሥራውን ሲያስረክቡኝ “ዝርዝር የሌለው ጸሎት አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው፤ ሰዉ አሟልቶ እንዲጽፍ አድርጊ” ብለውኛል። ስለዚህ አሟልተን እንጽፋለን። “ስለ ዳቦ ጋጋሪው ጉልበት፣ ግራው ነው፣ ቀኙ ደህና ነው።” “ስለ አናጺው ሚስት፣ ከአማቷ ጋር ስለተኳረፈች፣ ጥፋቱ የአማቷ ስለሆነ።” እንስቃለን፣ እንጸልያለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ሰው ሊጎዳ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ደብተሬ ላይ በቀይ ያሰመርኩበት ሕግ ለሰው ወሬ የወጣ እንጂ ለጸሎት የሚሠራ አልመሰለኝም። ለሰው አልተናገርኩማ! ለእግዚአብሔር ነው የጻፍኩት። ቅዳሜ ማታ ብቻዬን መሸከም አቃተኝና ስምህን፣ መኪናዋን፣ ሁለቱን ቁስለኞች፣ ያልካቸውን ቃል ሳይቀር በሁለት መስመር ጽፌ፣ ስሜን ሳላሰፍር፣ ወረቀቷን አጥፌ ጣልኳት። ጥዬ ስወጣ ቀለል አለኝ። ይህንንም ማወቅ አለብህ፤ በእውነት ቀለል ብሎኝ ነበር።

እሁድ አባ ሦስተኛ አድርገው አወጧት። ስምህን ሲያነቡ የኋላ ወንበር ላይ ቀና ስትል አየሁህ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ አባ ምን እያነበቡ እንደሆነ ገባቸው፤ ድምፃቸው ወረደ፣ ምላሳቸው ግን በልማድ እስከ መጨረሻው ሄደች።  ከዚያ እንቁላል ሻጯ እማማ ተነሡ። ልጃቸው ከዘመተ ወዲህ ወሬው እንዳልተሰማ ታውቃለህ። ወደ አንተ ዞረው፣ በቁጣ ሳይሆን መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብለው፣ “የኔ ልጅ ይሆን እንዴ?” አሉህ።

ወንበሩን ሳታንኳኳ ወጣህ። እኔ አልተከተልኩህም። ምን ብዬ ልከተልህ? “ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ይላሉ፤ አንተ ግን የራስህን ነገር ከሁሉም ጋር እኩል ሰማህ። እሱ ይሻል ይሆን ይብስ አላውቅም።

ቤት ደርሼ ነጠላ ጫማ እንኳ ሳላደርግ የወፍጮው ሞተር ተነሣ። እሁድ! የወፍጮ ቤት ልጆች ነንና ድምፁን የሚያስረዳኝ ሰው አያስፈልገኝም። እህል ያለበት ድንጋይ ያጉረመርማል፣ ባዶ ድንጋይ ይጮኻል። አባታችን “ድንጋይ ባዶውን ከዞረ ራሱን ነው የሚበላው” ይል አልነበር? ባዶውን ነበር የሚዞረው። ሮጥኩ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በእሁድ ጫማ፣ ሰው እያየኝ ሮጥኩ።

የቆርቆሮው በር ከውስጥ ተቆልፏል። ደበደብኩት። ስምህን ጠራሁ። ከሞተሩ በላይ ለመሰማት እንደ እብድ እየጮህኩ “ደህና ነህ ወይ?” አልኩ። ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ። በሞት በር ላይ ቆሜ ሰላምታ! ያን ጊዜ ነው የወደቅኩትን ትምህርት የደገምኩት። “ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?” ብዬ ጮህኩ። ዞር ስል ከኋላዬ ግማሹ ምእመን ቆሟል፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ተከትለውኝ ኖሯል። በጆሮ የሚባል ጥያቄ እንደ ገበያ አዋጅ ለፈፍኩት።

ሞተሩ ጠፋ። ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ጥቂት ተንቀጫቀጨና ቆመ።

“ምን አልሽ?” አልከኝ።

በጩኸት መሐል ማለቱ ቀሎኝ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ መድገም ግን ሌላ ነገር ነው። አፌን በሩ ላይ አስጠግቼ ቀስ ብዬ ደገምኩት።

“አዎ” አልክ። “ዛሬ” ብለህም ጨመርክ።

ከ“አዎ” በኋላ ደብተሬ ላይ ምን እንደሚል ጠፋኝ። የሰለጠንኩት ሁሉ ጠፋኝ። ከዚያ አንድ መስመር ትዝ አለኝ፤ ብቻውን አትተዉት፣ ለባለሙያ ደውሉ። ስልክ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ጋ አይሠራም፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ ዳገቱን መውጣት ያስፈልጋል። “ለሲስተር ልደውል። አንዴ ብቻ ታገሠኝ፣ አሁኑኑ ተመል...” አልኩና አቆምኩ። ከአፌ ሊወጣ የነበረው ያ ቃል ነው። አንተ መንገድ ዳር ላሉት ልጆች ያልከው ቃል። ከበሩ ወዲያ ትንፋሽህ ሲቆም ሰማሁ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። “አልሄድም። የትም አልሄድም። ሌላ ሰው ይደውላል” አልኩህ።

አባ እያለከለኩ ደረሱ። ሕዝቡን “ወደየቤታችሁ። ከቤትም ቢጸለይ ይሰማል” ብለው በተኑት። ማንም ሲቆጡ አይቷቸው አያውቅም፤ ያን ቀን አይተናቸዋል። እማማን እንኳ ክንዳቸውን ይዘው መለሷቸው። ከዚያ ደም ግፊታቸውን ይዘው ዳገቱን ራሳቸው ወጡት፤ ስልኩን ለሌላ ሰው አላመኑም።

ሁለታችን ቀረን። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር፤ አንተም ከወዲያ ጀርባህን እንደሰጠህ ቆርቆሮው ወደ እኔ ሲገፋ አወቅኩ። በመካከላችን ከቆርቆሮ በቀር ምንም አልነበረም። ያኔ ነው የጠየቅከኝ።

“ማን ነው የጻፈው?”

የእሁድ ጫማዬን አቧራ መጥረግ ጀመርኩ።

“ሲስተር ናት?”

ዓይኔን በጨው አጥቤ “አላውቅም” አልኩህ።

ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ከመጀመሪያው የሚከፋውም እሱ ነው። እውነቱን ብነግርህ ከበሩ ወዲህ ያለችው ብቸኛ ሰውህም ከዳችኝ ትላለህ ብዬ ፈራሁ። እዚያች ቅጽበት ላይ ልክ ነበርኩ ይሆን? ዛሬም አላውቅም፤ ይህንኛውን “አላውቅም” ግን እውነቴን ነው። ጥቂት ቆይቶ ቁልፉ ሲሚንቶውን እየፋቀ በበሩ ሥር ብቅ አለ። “ልክፈት?” አልኩህ። “አትክፈቺ። ያዢው ብቻ” አልከኝ። ያዝኩት። ሲስተር እስክትደርስ ሦስት ሰዓት ያህል ይዤው ተቀመጥኩ፤ ጥርሱ መዳፌ ላይ ታትሞ ነበር። ቁልፉን የሰጠኸኝ ከዋሸሁህ በኋላ ነው። 

የዚያን ቀን ውሸት ለአንተ ነበር ልበል። የሰባቱ ሳምንት ውሸት ግን ለራሴ ነው።

በሩን ስንከፍት ወጣህ፣ ሲስተርን አንዴ አየሃት፣ ምንም ሳትል መኪናዋ ውስጥ ገባህ። የአስተያየትህን ትርጉም እኔ ገባኝ፣ እሷም ገባት። በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ወረቀቷን ማን እንደጻፈ አንድ በአንድ ተጠየቅን። እኔ ጋ ሲደርስ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ከዚያም ብዕሬን አንስቼ በገዛ እጄ “የጻፈው ሰው፦ አልታወቀም” ብዬ መዘገብኩ። ማኅተምም አደረግኩበት። ያው ማኅተም ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰው ይመጣ ነበር። በማግሥቱ ሳምንት ሦስት መጡ። ከዚያ ማንም። ግንበኛው ጓደኛህ መንገድ ላይ አግኝቶኝ “እኔ የሆዴን በሆዴ። ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄጄ ጋዜጣ ላይ አልወጣም” አለኝ። ሆስፒታሉ ሲስተርን “ሰው ከሌለ ለምን ትመላለሻለሽ?” ብሏታል። እሷ ግን ትመጣለች። ያችን ጠባብ ክፍል ትከፍታለች፣ ሁለቱን ወንበሮች አንዳቸውም በሩን እንዳይዘጉ አድርጋ ታዘጋጃለች፣ እስከ ማታ ብቻዋን ትቀመጣለች። እኔ አዳራሹ ውስጥ ሆኜ አያታለሁ። እንዲህ ስድስት ማክሰኞ አየኋት።

ሰኞ ዶክተሩ ከደወለ በኋላ አባ ጋ ሄድኩ። “አባ፣ ያቺ ወረቀት...” ከማለቴ “ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ ያንቺን ጽሑፍ ነው የማነበው” አሉኝ። እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳሉኝ ስጠይቃቸው “እስክትናገሪ ነዋ” አሉኝ። አለቀስኩ። እሳቸው ግን አላባበሉኝም። “አንቺ ጻፍሽው፣ እኔ አነበብኩት። ጥፋቱ ለሁለት ይበቃል፤ አንቺ ብቻሽን አትውሰጂው። ይልቅ ተነሺና ለልጁ ንገሪው” አሉ።

ትናንት ለሲስተር ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና “ቅርጫቱን በየሳምንቱ እያየሁት አልፌዋለሁ። ውስጡ ምን እንደሚጻፍ አንድ ቀን አልጠየቅኳችሁም” አለች። “አንቺው ንገሪልኝ፣ ሲስተር፤ እኔ ፊቱን ማየት አልችልም” ብዬ ለመንኳት። “እኔ ብነግረው ለራሴ ጠበቃ የቆምኩ ይመስለዋል። ጻፊለት። መጻፍ አይደል የምትችይው?” አለችኝ። አዎ፣ መጻፍ እችላለሁ። እዚህ ያደረሰንም እሱ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት አባቶች የእጅን ወለምታ ሳያዩ ነው የሞቱት።

ቅርጫቱ አሁን አይነበብም። አባ ከፍ አድርገው ይይዙትና “ጌታ ሆይ፣ የጻፍነውን ታውቃለህ” ብለው መልሰው ያስቀምጡታል፤ በቃ። በመጀመሪያው እሁድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ “ታዲያ እኛ ማን ምን እንደሆነ በምን እናውቃለን?” ብሎ ተነጫነጨ። ያን ጊዜ ነው ስንት ዓመት ጸሎት መስሎን ወሬ ስንሰማ እንደኖርን የገባኝ።

እማማም ዛሬ ጠዋት መዝገብ ክፍሌ ድረስ መጡ። ስለ አንተ አንድም ቃል እንዳልነገርኳቸው እወቅልኝ፤ አሁን ተምሬአለሁ። እሳቸው ግን ራሳቸው ጀመሩ። “የኔ ልጅ ሌላ ግንባር ነበር። ያን ቀን ልቤ ቀድሞ ነው አፌን የከፈተው። ይቅር ይበለኝ” አሉ። ቀጥለውም “ስለ ሰው ልጅ እንቅልፍ የሚያጣ ሹፌር እንዳለ ሳውቅ፣ የኔም ልጅ የወደቀበት ቦታ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ይህን ንገሪልኝ” አሉኝ። የላኩኝን አድርሻለሁ። በቆሏቸውንም ሌላ ወፍጮ አልወስድም ብለው ጆንያውን በወፍጮ ቤታችን በር ላይ አስደግፈውታል። ዝናብ ይመታዋል ስላቸው “ላስቲክ አልብሽው” ብለው ሄዱ። አለበስኩት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ወረቀት አብሬ አጥፌአለሁ። እንዲህ ትላለች፦ “ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ፣ የሌላ ሰው ነገር በግድግዳ በኩል ስላደመጠች፣ የሰማችውን ስለጻፈች፣ ስትጠየቅ አላውቅም ስላለች፣ ያንንም በማኅተም ስላጸናች።” ስሜ ከላይ አለ። ለሲስተር መልሰህ ብትሰጣት አባ እሁድ ጮክ ብለው ያነቧታል፤ በዚያ ቤት የምትነበብ የመጨረሻዋ ወረቀት ትሆናለች። ግንበኛው ጓደኛህና ሌሎቹም ሲስተር ንጹሕ መሆኗን ይሰማሉ። ነገሩ ዳግም ባይነሣ ከመረጥክ ደግሞ ቅደዳት፤ ማንም አያነሣውም። የመጀመሪያዋን ሳልጠይቅህ ጻፍኳት። በዚህችኛዋ አንተ ትወስናለህ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታ የጠየቀ ሰው መልስ ይጠብቃል፣ አንተ ደግሞ አሁን የማንንም መልስ መሸከም የለብህም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እኔን አታናግረኝ፤ ዓመትም ቢሆን፣ እስከ ወዲያኛውም ቢሆን። እሷን ግን አናግራት። ከዓርብ በፊት አንድ ቃል። “አዎ” ማለት እንደምትችል በበሩ በኩል ሰምቻለሁ።

ነገ ከሲስተር ጋር አብሬ እመጣለሁ። ክፍልህ አልገባም። ከክፍልህ ውጭ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር እንዳለ ነግራኛለች፤ የዓርቡ ስብሰባ እስኪያልቅ እዚያ ነኝ። ከበሩ ጎን ነው የምቀመጠው፣ በአንተና በበሩ መካከል አይደለም። ብትወጣም ባትወጣም ከዚያ አልነሣም። የወፍጮውን ቁልፍ ይዤዋለሁ፤ ያዢው ብቻ ብለኸኝ የለ።

የጻፈው ሰው፦ እህትህ።